ውኃ ጨውን ይከተላል

ውርጌሳ ላይ ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። ስኳር ፈልጎ ዙሪያውን የሚያይ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። አቦሉ ላይ ጨው ጣል ይደረጋል፤ ቶናው ይከተላል፤ በረካውን ሳይጠጣ የተነሣ ምርቃቱን ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ይህ ጠዋት ነው። ቀትር ላይ ሌላ አለ፤ ማታም አለ፤ በመካከሉ ጎረቤት ሲጠራ እምቢ አይባልም። እንግዲህ እግራቸው ያበጠ አንድ አባት ሦስተኛውን ሲኒ እየተቀበሉ «ኪኒኑን አንድም ቀን አላጓደልሁ፤ እብጠቱ ግን ያው ነው» ቢሉን፣ ኪኒኑን ከመክሰሳችን በፊት ሲኒውን እንይ። የዛሬው ትምህርት የሚነሣው ከዚያ ሲኒ ነው።

የሚያሸና ኪኒን ሥራው ምንድን ነው? ጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ ውኃ ማውጣት። እኔ ግን አይደለም እላለሁ። ሥራው ጨው ማውጣት ነው። ውኃው ራሱ ይወጣል፤ ለምን ቢሉ ውኃ ጨውን ይከተላልና። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው ስለዚህ መድኃኒት የሚነገረውን ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ሳይሸመድድ ራሱ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድባት።

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን ከደም የሚያጣሩት ውኃ 180 ሊትር ያህል ነው። በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 9 ጀሪካን። ቦኖ ላይ ተሰልፋ የምትቀዳ ሴት ይህ ስንት ምልልስ እንደሆነ ታውቀዋለች። በዘጠኙ ጀሪካን ውስጥ የሟሟው ጨው ቢመዘን አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ይህ ሁሉ ቢፈስ ኖሮ ጠዋት የተነሣ ሰው ቀትርን አያይም ነበር። ስለዚህ ኩላሊት ያጣራውን መልሶ ይሰበስባል፤ ከመቶው 99ኙን ወደ ደም ይመልሳል፤ የቀረው አንድ ሁለት ሊትር ሽንት ይሆናል። ሲሰበስብ ግን ጨብጦ የሚይዘው ጨውን ነው። ውኃውማ እናቱን እንደሚከተል ግልገል ከኋላ ይገባል። የሚያሸናው ኪኒን ይህን ጨው ሰብሳቢ እጅ ይይዘዋል። እጁ ሲያዝ ጨው ይወጣል፤ ግልገሉም ተከትሎ ይወጣል።

ሚዛኑን ደግሞ ሁላችሁም አይታችሁታል። ከታማሚ ራስጌ የሚንጠለጠለውን ከረጢት ሁሉ ግሉኮስ ማለት ለምዶብናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨዋማ ውኃ ነው። በባለ አንድ ሊትሩ ከረጢት ውስጥ ያለው ጨው 9 ግራም ነው። ይህ ልክ ለምን ተመረጠ ቢሉ ከደማችን ጋር እንዲስማማ። ይህንኑ ገልብጣችሁ አስቡት፦ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሳያወጣው የቀረ 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ውኃ ይዞ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 9 ግራም ጨው ግን ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛው እንኳ በቀን ከ5 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ያውም ወጡ፣ ሽሮው፣ በርበሬው ውስጥ ቀድሞ የገባው፣ ድልሁና ሲኒው ሁሉ ተደምሮ።

ጨውን እየሰደብሁ አይደለም። በዚህ አገር አሞሌ ገንዘብ ነበር፤ ከአፋር በግመል እየወጣ ገበያ ይገዛ ነበር። እንግዳን በጨው ቡና ማክበር ከዚያ ዘመን የተረፈ ልግስና ይሆን እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ። ጨው ቀንሱ የተባሉ ሰዎችም ከቡናው ይቀመጡ፣ እስከ በረካው ይመረቁ፤ ጨዉ ብቻ ይቅርባቸው። ጤና አዳም ያለበት ሲኒ ጨው አያስናፍቅም። ወጡ ላይም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ብዙውን ይሸፍናሉ። ውኃ በሊትር ተወስኖላችሁ ከሆነ ግን ሲኒውም ከሒሳቡ ይገባል።

ሰው ይህን መድኃኒት ያገኘው ፈልጎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 ቪየና ውስጥ አልፍሬድ ፎግል የሚባል የሕክምና ተማሪ፣ ለቂጥኝ ተብሎ ሜርኩሪ ያለበት መርፌ የተሰጣት ታማሚ ሽንቷ ከልክ በላይ ሲበዛ አየ። ከዚያ በኋላ ልቡ የደከመ ሰው ለብዙ ዓመታት በሜርኩሪ መርፌ ሲታከም ኖረ፤ መርዝ በመርዝ እንደ ማለት ነው። ክሎሮታያዛይድ የተባለው በአፍ የሚዋጥ ኪኒን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ እናንተ እጅ ያለው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የእሱ ታናሽ ነው።

አሁን ስለ ስሙ። ከውርጌሳ በላይ ያለችው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ትታወቃለች። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው አንድ ነገር፣ ጣልያንኛው ሌላ ነገር አለ፤ መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። «የሽንት ኪኒን» የሚለው ስምም እንዲሁ ሁለት ወገን በሁለት ልብ የሚፈርምበት ቃል ነው። ሐኪሙ ለልብ ወይም ለደም ግፊት ያዝዛል፤ ታማሚው ለሽንት የተሰጠው ይመስለዋል። ሽንቱ እንደ ልብ ሲመጣለት «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንቱ ይበዛና ከዚያ ወደ ልማዱ ይመለሳል። «መድኃኒቱ ሞተ» ይላል። አልሞተም፤ ግፊቱን ማውረዱን ቀጥሏል፤ ሽንቱን አይታችሁ አትመስክሩበት።

ኪኒኖቹ በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ሦስት ናቸው። ኃይለኛው ፉሮሰማይድ ነው፤ ላሲክስ የምትሉት። ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ስሙም ከዚያ ስድስት የተወሰደ ነው ይባላል። ለዘብ ያለው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን ነው፤ ስለ እሱ ወረድ ብለን እንመለሳለን።

ሰዓቱን ከዚህ አስሉት። ላሲክስን ጠዋት 1 ሰዓት የዋጠ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ደጅ ሲመላለስ ይውላል፤ ሌሊቱን ግን ይተኛል። ማታ የዋጠ ሌሊቱን በጨለማ ይወጣል፤ አጥር ጥግ ወድቆ ዳሌው የሚሰበር ሽማግሌ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለትም ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት ባያሳልፍ ይሻላል። የረሳ ሰው በጊዜ ካስታወሰ ይውሰድ፤ ከመሸ ይለፈውና በነጋታው የነጋታውን ብቻ ይዋጥ፤ ሁለት አድርጎ መካስ የለም። ወልድያ ገበያ የሚሄድ፣ ወይም መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚነሣ ሰው «መኪና ላይ ያሳፍረኛል» ብሎ ይተወዋል። መተው ሳይሆን ማዘግየት ነው፤ ደርሶ፣ ቦታ አይቶ ይውሰድ። መንገዱ ቀናት የሚፈጅ ከሆነ ግን ሳይነሣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከዚህ በኋላ ያለው የትምህርቱ አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ ስለ ሙዝ ነው።

የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ሙዝ ይብላ ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። መርሳ ሙዝና ብርቱካን ሞልቷል፤ ምክሩም ይጣፍጣል። ምክሩ ለአንዱ እውነት ነው፤ ለሌላው ግን ሊገድል ይችላል። ለምን ቢሉ፣ ጨዉ ከመጀመሪያው ሰብሳቢ እጅ ካመለጠ በኋላ ዝም ብሎ አይወጣም። በቱቦው መጨረሻ ላይ ኩላሊት አንድ የመጨረሻ ገበያ አለው። እዚያ ያመለጠውን ጨው ሊመልስ ይሞክራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ፖታሲየም በሚባል ሌላ ማዕድን ነው። ላሲክስም ሆነ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ብዙ ጨው ወደዚያ ገበያ ስለሚልኩ ፖታሲየም ተከፍሎ ያልቃል። ፖታሲየም ሲያንስ ባት ይሸማቀቃል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ልብ ይዛነፋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንችና ባቄላ ይጠቅሙታል። ለልብ ዲጎክሲን አብሮ የሚወስድ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠንቀቅ፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን ይመርዛልና። ምግብ ቢያስጠላው፣ ቢያስመልሰው፣ የሚያየው ነገር ቢጫ ቢመስለው የዚያኑ ቀን ይታይ።

ስፓይሮኖላክቶን የሚሠራው ያንን የመጨረሻ ገበያ በመዝጋት ነው። ጨው ይወጣል፤ ፖታሲየም ግን አይከፈልም፤ ይቀራል። እየተጠራቀመም ይሄዳል። በዚህ ላይ ለግፊት ኢናላፕሪል ከተጨመረ፣ ኩላሊት ከደከመ፣ ወይም ኮትሪሞክሳዞል ከታዘዘ ክምችቱ ይበረታል። ፖታሲየም ሲበዛ የሚያስጠነቅቅ ሕመም ላይኖረው ይችላል፤ ልብ ድንገት ይቆማል። ስለዚህ ከሙዙ በፊት የኪኒኑን ስም እወቁ። ሁለቱን ዓይነት ባንድ ላይ የሚወስዱም አሉ፤ ለእነሱ መልሱ የሚገኘው ከደም ምርመራ ብቻ ነው። ኪኒኑ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲቀየር በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፖታሲየሙና የኩላሊቱ ሁኔታ መታየት አለበት። ለዚህ ወልድያ ሆስፒታል ሂዱ ስትባሉ የመኪናውን ብር ብቻ አስባችሁ አትቅሩ። ስፓይሮኖላክቶን የወንዶችን ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምምም ይችላል፤ ነውር አይደለም፣ ተናገሩት፤ አፍሮ ከማቆም ይሻላል።

ስፓይሮኖላክቶንን የምናየው ከሁሉ ይበልጥ ሆዳቸው ውኃ በቋጠረ የጉበት ታማሚዎች ላይ ነው። በወሎ የዚህ አንዱ መነሻ ብልሃርዝያ ነው፤ ከዚህ ወደ ደሴ ሲሄዱ የሚገኘው ሐይቅ በሽታው ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት የዚሁ ነገር ታሪክ ነው። ሆዱ ያበጠ ሰው ቶሎ እንዲጎድልለት ይቸኩላል። መቸኮል የለበትም። እግሩ ላይ እብጠት ከሌለ ከሆድ የሚወጣው ውኃ በቀን ከግማሽ ኪሎ እንዳያልፍ እንጠነቀቃለን፤ ካለፈ የሚጎድለው ከደም ሥር ነው። የጉበት ታማሚ ነገር ከተምታታበት፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ከነቃ ኪኒኑን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

አሁን ደግሞ ወገብ ሲያም ሱቅ ሄዶ ስለሚገዛው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውን አንቆ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ኪኒኑ በበር የሚያስወጣውን እነሱ በጓሮ ይመልሱታል ማለት ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ኩላሊትን እንደ መስኖ ማሳ አስቡት። ዳይክሎፌናክ መግቢያ ቦዩን ያጠብባል፤ ኢናላፕሪል መውጫውን ያላላል፤ የሚያሸናው ኪኒን ደግሞ ወንዙን ራሱን ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ማሳው ይደርቃል። መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በልኩ። የእግር አውራ ጣት በድንገት እሳት ሆኖ ቢያድር ግን ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ላሲክስም ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሪህ ይቀሰቅሳሉ፤ ስኳርንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉና የስኳር ታማሚ ይለካ።

ኪኒኑ ጨውና ውኃ ያስወጣል ካልን፣ ሌላም የሚያስወጣ ሲመጣ ሁለቱ ይደራረባሉ። ተቅማጥና ትውከት እንዲህ ነው። ኮሶ ጠጥቶ መዋልም እንዲሁ ነው። ተቅማጥ የያዘው ዕለት ኪኒኑን ለዚያ ቀን አቆይቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ይህን ደኅና ሳላችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተስማሙበት። ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይን የሚያጨልም ከሆነ ኪኒኑ በዝቷል ወይም ሰውነቱ ደርቋል፤ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ወስዶ መነሣት ልማድ ይሁን።

ጾም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል፣ ረመዳንን ከንጋት እስከ ጀምበር ውኃ ሳያይ የሚጾም በሀብሩ ወረዳ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ለእኔ አንድ ጥያቄ ያመጣሉ። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲያዝ የታመመውን እንደሚለይ፣ ቁርአንም በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንደ ሰጠው የንስሐ አባታችሁና ሼሁ ያስረዷችኋል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ቆላ ውሎ እያላበው ላሲክስ ወስዶ ያለ ውኃ የሚውል ሰው ኩላሊቱን ይጎዳል። ኪኒኑን ትቶ የሚጾም ደግሞ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ኑ፤ ደኅና የሆነውን ሰው ሰዓቱንና መጠኑን አስተካክለን ልንሸኘው እንችላለን፤ ሲጋደም ትንፋሽ የሚያጥረውን ግን አትጹም እንለዋለን።

ኪኒኑ መሥራቱን በምን እናውቃለን? በሚዛን። ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በዚያው ልብስ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ስብ አልበላም፤ ውኃ ነው፤ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይምጣ። ቤቱ ሚዛን የሌለው መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ገበያ በወጣ ቁጥር ይመዘን፤ ሁልጊዜ ያው ልጅ ዘንድ ይሁን እንጂ፣ ሚዛን ከሚዛን ይለያያል። ይህም ካልሆነ የቀበቶ ቀዳዳ፣ የጫማ መጥበብ፣ ሌሊት የሚደራረበው ትራስ ይመሰክራሉ። ቅልጥም ላይ በአውራ ጣት ተጫኑና ልቀቁ፤ ጎድጉዶ ከቀረ እንነጋገር።

ያበጠ እግር ሁሉ ግን የዚህ ኪኒን አይደለም። ዝሆኔ በላሲክስ አይቀንስም። ለግፊት አምሎዲፒን የጀመረ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቢያብጥ የሚስተካከለው አምሎዲፒኑ ነው። እርጉዝ ሴት እግሯ አብጦ ከጎረቤት ላሲክስ ብትዋስ የሚሸፈነው የእርግዝና ግፊት ሊሆን ይችላል፤ እሷ ኪኒን ሳይሆን ግፊቷን መለካት ነው የሚያስፈልጋት።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በነበረው ጦርነት ኪኒን እንዴት እንደ ጠፋ ከዚህ አካባቢ ሰው የሚረሳው የለም። መንገድ ዛሬም ሊዘጋ ይችላል። የመጨረሻው ፍሬ ሲቀር አትምጡ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀር ኑ። ከነመጠቅለያው፣ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ አኑሩት፤ ላሲክስ ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፣ ቢጫ ከሆነ አትዋጡት። ጨርሶ የጠፋ ዕለት ደግሞ ከሲኒው እስከ ድስቱ ጨዉን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ኪኒኑን ባይተካም ከኪኒኑ ሥራ የተወሰነውን ይሠራል።

እንግዲህ ፌስታላችሁን ፍቱ። ሁልጊዜ በዚህ እንጨርሳለን፤ እያንዳንዱ የያዘውን አውጥቶ ስሙን እናነባለን። ባለፈው አንዲት እናት ሲነሡ እየዞረባቸው ግድግዳ ይዘው መጡ። ከፌስታላቸው በጤና መድኅን ካርድ የተሰጣቸው ፉሮሰማይድ ወጣ። ከሥሩ ልጃቸው ከደሴ ገዝቶ የላከላቸው ላሲክስ ወጣ። ሁለቱንም በየጠዋቱ ሲውጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ምነው እናቴ ብላቸው፣ «አንዱ ለልብ፣ አንዱ ለእግር መስሎኝ» አሉ።